ከእሺ በኋላ

ስልኩ ሲጠራ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ነበርኩ፤
በሲኖትራክ ጩኸት መሐል ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን ገመትኩ።
«ሲስተር ፈትለወርቅ? ፈተናውን አልፈሻል፤
አሥራ አራት ሺህ ነው። ሰኞ ይመችሻል?»
ረዳቱ ይጮኻል፦ «ኮዬ! ኮዬ! ሁለት ሰው የቀረው!»
አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ «እሺ» አልኩ። ይኸው ነው።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይላል የእኛ ተረት፤
እኔ ግን እሺን ሰጥቼ ሺሁን አልቆጠርኩት።

ጋውኔ ስምንት ወር ሙሉ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ የከረመ፣
ስሜን ፍለጋ ሰሌዳ ሥር አንገቴ የደከመ፣
እንዲህ ያለ ሰው «ቆይ እስቲ» የሚል ቃል ከየት ያገኛል?
የራበው ሰው ወጡ ጨው አነሰው ብሎ መቼ ይናገራል?

ሐሙስ ደብዳቤው መጣ፤ ሁለት ገጽ፣ ባለ ማኅተም።
አነበብኩት ቆሜ፣ አነበብኩት ቁጭ ብዬ፣ ደገምኩት ማታም።
አሥራ አራት ሺህ፤ አጠገቡ በቅንፍ «ያልተጣራ»፤
ግብሩን ቀነስኩ፣ ጡረታውን፣ በጣቴ፣ ተራ በተራ።
«አዳር እንደ አስፈላጊነቱ።» የማን ነው ይሄ አስፈላጊነት?
የበሽተኛው? የባለቤቱ? ወይስ የዝም ባይ ነርስ ትዕግስት?
«ሌሎች ተመሳሳይ ሥራዎችን» ይላል አንቀጽ አራት፤
ካርድ ማውጣት ነው? ወለል መወልወል? ወይስ ጄኔሬተር ማስነሳት?
ትራንስፖርት የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች ብፈልግ የለም፤
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ኮዬ ታክሲ አይገኝም፤
ጅቡም ቢሆን ያን መንገድ ብቻውን አያቋርጥም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል»
አለችኝ ለተብርሃን፣ ሸሚዟን እየተኮሰች፤ «ይሰርዙሻል።»
መብራት ጠፋ። ካውያውን እንደያዘች ዝም አለች፤
በጨለማው ውስጥ እሷም የራሷን ደሞዝ የምታሰላ መሰለች።

ሌሊቱን በሆዴ ተለማመድኩ። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል
አሥራ አንድ ጊዜ አስገባሁት፣ ስምንቱን አወጣሁ፣ ሦስቱ ቀርቷል።

ዓርብ ጠዋት ጭቃውን በድንጋይ በድንጋይ ረግጬ፣
ጫማዬን በር ላይ ጠርጌ ገባሁ ምራቄን ውጬ።
አቶ ጉርሜሳ፣ የሰው ኃይል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ፤
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ።

«ተስማምተሽ የለም እንዴ?» አለ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይስቅም።
«ለሥራው ተስማምቻለሁ፤ ላልሰማሁት ግን አልተስማማሁም።
ሰኞ እገባለሁ፣ ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ ሳላሳልፍ በሰዓቴ፤
ግን አዳሩ በሳምንት ስንት ነው? መመለሻዬስ እስከ ቤቴ?
አሥራ አራት ሺሁ እጄ የሚገባው መስሎኝ ነበር፤
ካልሆነ አሥራ ስድስት ይሁን፣ ወይ አዳሩ ለብቻው ይቆጠር።»

ድምፄ ተንቀጠቀጠ። መርፌ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም፤
የሕፃን ደም ሥር በስልክ መብራት ፈልጌ አላጣሁም፤
የራሴን ዋጋ መጥራት ግን ማንም አላስተማረኝም።

«ዶክተሩን ልጠይቅ» ብሎ ወጣ። ደረጃው ረጅም ነው መሰል፣
ወይ እሱ ነው የሚያዘግመው፤ እግሩ ሲጎተት ይሰማል።
ሃያ ደቂቃ። የክትባቱን ፖስተር እስከ ማተሚያ ቤቱ ስም አነበብኩ፤
ሁለት ጊዜ ልሄድ ተነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

«ደሞዙን አሁን አንነካም፤ ከሙከራው በኋላ እናያለን።
አዳር በሳምንት ሁለት፤ ከዚያ ካለፈ እንከፍላለን።
ማታ አምቡላንሱ ያደርስሻል፣ በሽተኛ ከሌለበት።»
«ይጻፍልኝ» አልኩት። በእስክሪብቶ ጻፈው፣ ማኅተም መታበት።

የጠየቅሁት ሁሉ አልሆነም፤ ዝም ብል ግን ይህም አልነበረም።

ሲፈርም ቁርጭምጭሚቱን አየሁ፤ ካልሲው ቆርጦት አብጧል።
«ግፊትዎን ከተለኩ ስንት ጊዜዎ ነው?» አልኩ። «ኧረ ቆይቷል።»
እጅጌውን ሰበሰበ። ሥራ ሳልጀምር ሥራ ጀመርኩ፤
አንቀጽ አራት ይሄ ይሆን እያልኩ በልቤ ሳቅሁ።
«መድኃኒት ያስፈልግዎታል፣ ጨውም ይቀንሳሉ» ስለው፣
«እሺ» አለኝ ወዲያው፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ሳያውቀው።

«ቆይ» አልኩት።
«መጀመሪያ ስንት እንደሆነ ይስሙት።»